መምህሩ ምን አለው?

መጋቢት ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ዛሬ ዲሬክተሩ ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሲሰጠኝ ሥራ ሊጭንብኝ እንደሆነ አወቅሁ። በሰኔ በሚከበረው የወላጆች ቀን ንግግር እንዳደርግ ፈልጓል፤ ርእሱም «ፍልስፍና ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?» የሚል ነው። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ቄሱም እንዲገባው ሆኖ፣ ገና ለሚጀምር ሰው በሚመች አማርኛ። «ከእርስዎ በቀር ይህን የሚችል የለንም፣ መሪጌታ» አለኝ። ውዳሴ ከንቱ መሆኑን አላጣሁትም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

እኔ የቅኔ ሰው ነኝ። መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛና ግብረ ገብ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ጠመኔ ካባዬን አንጥቶታል እንጂ ልቤ አሁንም ከቅኔው ማኅበር ነው። ፍልስፍና የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ የማውቀው በተግሣጽ ነበር። እኛ አገር ሰው ነገር ሲያበዛ «አትፈላሰፍ» ይባላል። ማታ ለባለቤቴ ለየሻረግ ብነግራት «እንግዲህ የእርስዎ መፈላሰፍ በደመወዝ ሊሆን ነው» አለችኝ። የአገው ልጅ ናት፤ ስትቀልድ ከፊቷ አይነበብም።

መጋቢት ፲፰

ክንዴን ሻይ ጋብዤ ጠየቅሁት። ክንዴ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ እኛ የተላከ አስተማሪ ነው፤ ሱሪው ጠባብ፣ ልቡ ሰፊ። በዐቢይ ጾም ሻዩን በወተት ሲጠጣ አየሁት፤ እንዳላየ ሆንሁ። በስቴንስል የተባዛ የእንግሊዝኛ ወረቀት አለው። እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል፤ አማርኛው ሲደናቀፍ እኔ አነሣለታለሁ። «የኔታ፣ እኔ እንግሊዝኛውን አውቃለሁ እንጂ ነገሩን በደንብ አላውቀውም» አለኝ። ይህን በማለቱ ወደድሁት።

ቃሉ የግሪኮች ነው። አንደኛው ወገኑ ፍቅር፣ ሁለተኛው ወገኑ ጥበብ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ሰዎች አንዱን ሊቅ «አንተ ጠቢብ» ቢሉት «ጠቢብስ አምላክ ብቻ ነው፤ እኔ ጥበብን የምወድ ነኝ» ብሎ መለሰ ይባላል። እንግዲህ ፈላስፋ ማለት ያወቀ ሰው ሳይሆን ማወቅን የወደደ ሰው ነው።

ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሰው የሚናፍቀው የሌለውን ነው። ያ ሊቅ «የለኝም፣ ግን እወዳታለሁ» ማለቱ ነበር። እኔ መሪጌታ ከተባልሁ ወዲህ «አላውቅም» ብዬ የተናገርሁበትን ቀን ላስታውስ ሞክሬ አጣሁት። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ እንግዳ ሆነብኝ። የጎረቤታችን የቀርከሃ አጥር፣ ሰሌን ላይ የተሰጣው ገብስ፣ ከትምህርት ቤቱ ኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ «ታውቀኛለህ?» የሚሉኝ መሰለኝ። በማፈር ፈንታ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጀማሪ መሆን ይቻላል ለካ።

መጋቢት ፳፩

ከቅዳሴ ስንወጣ አለቃ ምህረቴ ነጠላዬን ይዘው አቆሙኝ። የደብራችን አለቃ ናቸው፤ ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስበት ቤት የለም። «ገበየሁ፣ መናፍቅ ሁሉ ሲጀምር ፈላስፋ ነበረ» አሉኝ። እጅ ነሥቼ አለፍሁ።

መጋቢት ፳፮

ዛሬ ከየት እንደ መጣ ጀመርን።

ከጌታ ልደት በፊት፣ በባሕር ዳርቻ፣ መርከብ በሚመላለስባት አንዲት የግሪክ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። የአገሩ ሰው «ዝናቡ ከየት መጣ?» ሲባል የዚህ ጣዖት ሥራ ነው፣ «መሬት ለምን ተናወጠች?» ሲባል የዚያኛው ቁጣ ነው ይል ነበር። ይህ ሰው ግን ተረቱን ወደ ጎን አድርጎ «ይህ የምናየው ሁሉ ከምን ተገኘ?» ብሎ ጠየቀ። ራሱ መለሰም። ሁሉ ነገር ከውሃ ነው አለ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ አልሁት ክንዴን። ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ ጓሮ ስወጣ የሻረግ ለጌሾ መደብ ውሃ ታጠጣ ነበር፤ ደረቁ አፈር ጠጥቶ ሲጠቁር አየሁ። ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ቢያድር ይበቅላል። የምንተነፍሰው በብርድ ጧት ጉም ይሆናል። ሰው ሲያዝንም ሲደክምም ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ነው። ሳቄ ጠፋ። ያ ሰው ቢሳሳት እንኳ ዓለምን ሁሉ በአንድ ቃል ልያዛት ብሎ መነሣቱ አስፈራኝ። መጽሐፉስ ቢሆን የእግዚአብሔር መንፈስ በውሃ ላይ ሰፍፎ ነበር አይደል የሚለው?

የጻፍሁትን የምትገለብጥልኝ ልጄ ማናለብሽ ናት። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በሰኔ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። የእጅ ጽሕፈቷ ከእኔ ይበልጣል፤ እንዳትኮራ ብዬ አልነግራትም። ጽፋ ጽፋ ቀና አለችና «ድንጋይም ከውሃ ነው አባባ?» አለች። ድንጋይም አልኋት። «ደረቅ ውሃ ነዋ» ብላ ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች። ከእናቷ የወረሰችው ነው።

ሚያዝያ ፪

ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያ ከውሃ ነው ያለው ሰው ተማሪ ነበረው። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ተምሮ ተምሮ፣ አንድ ቀን «አይደለም» አለው። ውሃ እሳትን ያጠፋል፤ ሁሉ ነገር ከውሃ ቢሆን እሳት ከየት ይገኝ ነበር? ስለዚህ የሁሉ መነሻ ከምናውቀው ነገር አንዱ ሊሆን አይችልም፤ ወሰን የሌለው፣ ዳር የሌለው አንድ ነገር መሆን አለበት አለ። የተማሪው ተማሪ ደግሞ ተነሥቶ እሱም አይደለም፣ አየር ነው አለ። በሦስት ሰው ዕድሜ ሦስት መልስ።

ክንዴ ይህን እንደ ዋዛ አንብቦ አለፈ። እኔ አስቆምሁት። «ቆይ፣ ተማሪው መምህሩን አይደለም አለው?» «አዎ የኔታ።» «ፊት ለፊት?» ወረቀቱ ፊት ለፊት ይሁን ከኋላ አይናገርም፤ ብቻ አንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ አለኝ።

እኔ ቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝ። ማታ ማታ ለመምህራችን የቋጠርነውን ስንነግር መምህራችን ይህ ይቅና ካሉ ይቃናል። በርግጥ በትርጓሜው ቤት «አንድም፣ አንድም» እየተባለ ብዙ ፍች ይደረደራል፤ ላይ ቤት እንዲህ ይላል፣ ታች ቤት እንዲህ ይላል ተብሎ ሁለቱም ይነገራል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛም ባዳ አይደለም። ግን አንድ ተማሪ፣ ወፍራም ጢም እንኳ ሳያበቅል፣ ያሳደገውን መምህር ዓይኑን አይቶ አይደለም ሲለው ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። የፍልስፍና ልደት ውሃ ያለው ሰው የተናገረ ቀን አይመስለኝም። ተማሪው አይደለም ያለ ቀን ነው። በንግግሬ ላይ ልቡ ይህ ይሆናል።

ማናለብሽ ስትገለብጥ ይህ ቦታ ላይ ብዕሯን አቆመች። «ተማሪው ሴት ብትሆንስ ኖሮ?» አለች። በዚያ ዘመን ሴት አትማርም ነበር አልኋት። «እሺ» አለች። እሺ ስትል ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ነገሩን ወስዳ የሆነ ቦታ ታስቀምጠዋለች።

ሚያዝያ ፲፰፣ ዘንገና አጠገብ፣ ከየሻረግ አባት ቤት

ፋሲካን እዚህ ዋልን። በአውቶቡስ እስከ ኮሶበር፣ ከዚያ በእግር።

ዛሬ ከአዝመራው ጋር ወደ ሐይቁ ወጣን። አዝመራው ባለውለታዬ ነው። የቆሎ ተማሪ ሆኜ ወደ አገው ምድር ስመጣ አንድ ቃል አገውኛ አላውቅም ነበር፤ ውሻ ሊቦጫጭቀኝ ሲል ያስጣለኝ፣ ቤቱ አስገብቶ ያሰነበተኝ፣ ቋንቋውን ያስተማረኝ፣ ኋላም ለየሻረግ አባት ሽማግሌ ሆኖ የቆመልኝ እሱ ነው። ማናለብሽ ክርስትና የተነሣች ዕለት አንዲት ትንሽ የብር መስቀል አምጥቶ ከማተቧ ላይ አሰረላት። «ለቢሻው» አለ። ልጁ ቢሻው ያን ጊዜ ዳዴ ይል ነበር። እኔም በሰው ፊት «ያንተ ናት» አልሁ። ቃሉ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ቢሻው አሁን ፈረስ ሲጋልብ ሰው ሥራውን ትቶ የሚያየው ጎበዝ ሆኗል፤ ጨዋ ነው፣ ጉልበታም ነው። እንከን የማይወጣለት ልጅ ነው። ማናለብሽ ለዚያ ቤት ብርሃን ትሆናለች።

ዘንገናን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን መጀመሪያዬ ይመስለኛል። በዛፍ የተከበበ ትልቅ ድስት ነው፤ ውስጡ ያ ውሃ። ነፋስ አልነበረም። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ውስጡ ተኝቷል። ያ የግሪክ ሰው እንዲህ ያለ ውሃ ፊት ቆሞ ይሆናል ሁሉ ከዚህ ነው ያለው። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለማን እንዳወለቅሁ እንጃ።

ለአዝመራው ታሪኩን ነገርሁት፣ የመምህሩን፣ የውሃውን፣ የተማሪውን። ወሰን የሌለው ነገር የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ሐይቁ አገጩን ቀና አድርጎ «እንደዚህ ነዋ። ይሄም ታች የለውም ይላሉ» አለ። ከኋላችን ማናለብሽ ነበረች። «ማን ወርዶ አይቶ ነው ጋሼ?» አለችው። አዝመራው ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«እና መምህሩ ምን አለው?»

«ማንን?»

«ያን አይደለም ያለውን ተማሪ ነዋ። መታው? አባረረው? ምን አለው?»

አላውቅም አልሁት። «ዋናውን ነገር ሳትይዝ ነው ልታስተምር የተነሣህ?» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እውነቱን ነው።

ስንወርድ ስለ ሌላው ጉዳይ አነሣ። በግንቦት ስምንት ሽማግሌዎቹን ይዞ ዳንግላ ይመጣል፤ ሠርጉ የሐዋርያት ጾም ሳይገባ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይሆናል። ፈተናው በሰኔ መሆኑን አልነገርሁትም። ቀኑ ደስ የሚል ነበር፤ በዚያ ላይ የእኔ ቤት ጣጣ ለምን ይጨመርበት?

ማናለብሽ በመልስ መንገድ ላይ ብዙ አልተናገረችም። አውቶቡስ ያዞራታል።

ሚያዝያ ፳፭

ክንዴን ጠየቅሁት፤ መምህሩ ምን አለው? ወረቀቱን ገለበጠ፣ ጀርባውንም አየ። አልተጻፈም። የጎደለ ገጽ ይኖር እንደሆነ ብጠይቀው፣ የለም አለ። «ማንም አያውቅም፣ የኔታ። ብቻ የተማሪው ሐሳብ እስከ ዛሬ ደርሶናል።»

የአዝመራው ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰክቶብኛል። ማኅሌት ስቆም እንኳ ትዝ ይለኛል።

ግንቦት ፰

ሽማግሌዎቹ መጡ። አዝመራው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሦስት ሰው አስከትሎ። የሻረግ ጠላውን፣ ዶሮውን አሳምራ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ደንቡ ቆመው የቀደመውን ቃል ልናጸና መጥተናል አሉ። እኔም ልመልስ ተነሣሁ። ማናለብሽ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከጓዳው በር ላይ ነበረች። እንደ ደንቡ አንገቷን ደፍታ።

ከዚያ ቀና አለች።

«አይደለም አባባ። ቃሉን የሰጡ እርስዎ ነዎት፤ እኔ አልሰጠሁም።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ማንቆርቆሪያው ነው የተንቀጠቀጠው።

ወደ ጓዳ ግቢ አልኋት። ገባች። ቃሉን አጸናሁ። ለግንቦት ፳፱። ሽማግሌዎቹ እንዳልሰሙ ሆነው በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። አዝመራው ጠላውን አልጨረሰም። ልጆች ይሄን ጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ይበርዳል አልሁት። አዎ አለኝ።

ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በአራት ሽማግሌ ፊት!

ግንቦት ፲

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማናለብሽ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እናቷን ታግዛለች፣ የምላትን ሁሉ እሺ ትላለች። ንግግሩን ስጣት ትገለብጣለች፤ ምንም አትጠይቅም። ገጾቹ ከመቼውም ይልቅ ያምራሉ።

ጧት ዳዊቴን ልደግም ብነሣ ያች የብር መስቀል ከላዩ ተቀምጣለች። የሻረግ ልታጥባት አውጥታት ይሆናል። ወደ ኪሴ ከተትኋት።

የሻረግን ምነው ዝም አልሽ አልኋት። «እርስዎ ስለ ዝምታ መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?» አለችኝ። እንደ ቀልዷ ነው ብዬ ፊቷን አየሁት፤ እንደ ወትሮው ምንም አይነበብም።

ግንቦት ፲፪

በመምህራን ክፍል በር ሳልፍ ክንዴን ሰማሁት። ማንን እንደሚያናግር አላየሁም። «መሪጌታ ስለዚያ ተማሪ ሲናገሩ ዕንባቸው ይመጣል፤ የእሳቸው ተማሪ ግን ጓዳ ናት» አለ። ሰውየው ሳቀ። ክንዴ አልሳቀም።

ገብቼ ልቆጣው ነበር። ልቤ ቢቆጣም እግሬ አልገባም። ደግሞ ዕንባዬ መቼ መጥቶ ያውቃል?

ንግግሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። «ተማሪውም አይደለም አለው። መምህሩም» ይልና ባዶ ነው።

ግንቦት ፲፬

ዛሬ አለቃ ምህረቴ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ራሳቸው መጥተው እጄን ያዙኝ። ወሬው ደርሷቸዋል። «አሁን ገና ልብ ገዛህ፣ ገበየሁ» አሉኝ። «ልጅቱን ጓዳ መክተትህን ሰማሁ። ይህ ነው እንጂ ትምህርት። ያን ፍልስፍናህን ከእንግዲህ እንደፈለግህ ተናገር፤ አልፈራልህም።»

መረቁኝ። ምርቃታቸው ከዚያ የመጋቢት ግሣጼያቸው ይልቅ ከበደኝ። ለምን እንደ ከበደኝ ቤቴ እስክደርስ አላወቅሁትም።

ማታ ወረቀቱን አውጥቼ ተቀመጥሁ። «መምህሩም» የሚለው ላይ ብዕሬን አስቀመጥሁ። እስኪ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው ብዬ፣ «መምህሩም ወደ ጓዳ ግባ አለው» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ አየሁት።

እንዲህ ብሎት ቢሆን ኖሮ እኔ በሰኔ የምናገረው ነገር አይኖርም ነበር። ተማሪው ጓዳ ይቀር ነበር፣ የተማሪው ተማሪም አይመጣም፣ ፍልስፍና የሚባል ነገርም አይወለድም። ክንዴ ሳያውቀው ነግሮኝ ነበር፤ የተማሪው ሐሳብ እስከ ዛሬ ደርሶናል ብሎ። መምህሩ የተናገረው ባይጻፍም ያደረገው ይታወቃል ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር ዓመት አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እዚህ ዳንግላ እኔ ጠረጴዛ ላይ የመጣው አንድ ሰው በተማሪው አፍ ላይ እጁን ስላልጫነ ነው። ፈራሁ። ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚፈሩት ዓይነት ፍርሃት ነው።

ቃል ግን ቃል ነው። አዝመራው ምን በደለኝ? ያ ልጅስ?

ዓይኔን ስጨፍን ማንቆርቆሪያው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

ግንቦት ፲፭

ከቅዳሴ ቀጥታ ወደ ኮሶበር ተሳፈርሁ። ለየሻረግ ብቻ ነገርኋት። ድርቆሽ ቋጥራ ሰጠችኝና እስከ በር ሸኘችኝ፤ እስከ በር ሸኝታኝ አታውቅም ነበር።

ቃል የሚያፈርስ ሰው በዚህ አገር ሽማግሌ ይልካል። ራሱ ፊቱን ይዞ አይመጣም፤ ነውር ነው። ተማሪው ለመምህሩ በሽማግሌ አልነገረም ብዬ ነው መሰለኝ ራሴ የሄድሁት። ወይም ሽማግሌ የሚሆነኝ አጣሁ። ሽማግሌዬ ድሮም አዝመራው ነበረ።

አዝመራው ግቢው ውስጥ ፈረሱን ያሽ ነበር። ሲያየኝ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊቴን አነበበው። መስቀሏን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ ላይ ያዝሁለት።

ፈረሱን ማሸቱን አላቆመም። ቆይቶ «ቢሻው ምን በደለ?» አለኝ።

«ምንም።»

«እኔስ?»

«አንተማ ያለኝን ሁሉ የሰጠኸኝ ሰው ነህ።»

«ታዲያ ለአገሩ ምን ልበል? ለልጄስ?»

«ልጅቱ አይደለም አለች። እኔ አፏን ዘጋሁ። አሁን ከፈትሁት። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፣ አዝመራው።»

ፈረሱ ሲተነፍስ ይሰማል። ቢሻው ከቤቱ በር ወጥቶ አየንና ተመልሶ ገባ። አዝመራው የሚያሽበትን ጨርቅ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ መስቀሏን ከመዳፌ አነሣት፤ በአውራ ጣቱ ጠረጋት።

«ፋሲካ ላይ አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር» አለ። «ያ መምህር ምን አለው ብዬ።»

«አዎ።»

«መልሱ ይሄ ነው?»

«ይሄ ይመስለኛል።»

«ከባድ መልስ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወደ ፈረሱ ተመለሰ። ግባ አላለኝም። ያን ውሻ ካስጣለኝ ቀን ጀምሮ ይህ ሰው ግባ ሳይለኝ ከደጁ ቆሜ አላውቅም። ትንሽ ቆምሁ፤ ከዚያ ወጣሁ።

ስመለስ በዘንገና በኩል ሄድሁ፤ መንገዴ አልነበረም። ከአፋፉ ቁጭ ብዬ የየሻረግን ድርቆሽ ፈትቼ ሳልበላው መልሼ ቋጠርሁት። አለቀስሁ። ክንዴ እውነቱን ኖሯል፤ ዕንባዬ ይመጣል። ሐይቁ እንደዚያው ነበር፤ ሰማዩ ውስጡ እንደ ተኛ። ሁሉ ነገር ከዚህ ነው ያለውን ሰው አሰብሁት። ከእሱ የበለጠ ደግሞ አይደለም ሲባል ዝም ብሎ የሰማውን ያንኑ ሰው አሰብሁት። ያን ቀን እሱም አንድ ነገር ሳያጣ አይቀርም። እንዲህ ያለ ነገር በነጻ የተወለደ አይመስለኝም።

ግንቦት ፲፮

ለማናለብሽ ነገርኋት። ሠርጉ ቀርቷል፣ ፈተናሽን ተፈተኝ አልኋት። ሌላ ብዙ ልላት አስቤ ነበር። ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ «ጋሼ አዝመራው ምን አሉ?» አለች። ከባድ ነው አለ አልኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ለራሷ ያላፈሰሰችውን ለእሱ አፈሰሰች።

ግንቦት ፳፱

ዛሬ ሠርጉ ይሆን ነበር። የሻረግ ለሠርጉ የጠነሰሰችውን ጠላ ለጎረቤት አከፋፈለች። አለቃ ምህረቴ በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ተቀበሉ።

ሰኔ ፲፭

ስትፈተን ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ጠበቅሁ። ዝናብ ነበረ። አስተማሪ ነኝና ውስጥ ገብቼ መጠለል እችል ነበር፤ አልገባሁም።

ሰኔ ፳፮

የወላጆች ቀን። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ገበሬው ከነዱላው፣ ሴቶቹ ከነጥላቸው፣ አለቃ ምህረቴ ከፊት። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ለአዝመራው አስይዤ ነበር፤ መልእክትም ልኬበት ነበር። ወንበሩ እስከ መጨረሻ ባዶ ነበረ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ክንዴ ተይዟል አለው።

ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያ ሊቅ ጠቢብ መባልን እንዴት እምቢ እንዳለ፣ የባሕር ዳርቻዋን ከተማ፣ ውሃውን፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ውሃው ላይ እንደ እኔው ሳቁ፤ ስለ ባቄላውና ስለ ጧቱ ትንፋሽ ስናገር ሳቃቸው እንደ እኔው ጠፋ። አንዲት እናት ትንፋሿን በእጇ መዳፍ ላይ ስትሞክር አየሁ። ያን ጊዜ ክብሩ ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ያ ጥያቄ ገና እየሠራ ነው። ከዚያ ተማሪው አይደለም አለው አልሁ።

አለቃ ምህረቴ ዘንጋቸውን አነሡ። «መምህሩስ ምን አለው?»

«አልተጻፈም አለቃ» አልሁ። «ዝም እንዳላሰኘው ግን እናውቃለን። ዝም አሰኝቶት ቢሆን ተማሪው ያለው እዚህ አይደርስም ነበር።»

ሌላ ነገር ልጨምር አስቤ ባዶውን ወንበር አየሁና ተውሁት፤ እንግዲህ ፍልስፍና ጥበብን መውደድ ነው ብዬ ጨረስሁ። ጭብጨባው ብዙ ነበር። አለቃ ምህረቴ አላጨበጨቡም፤ ግን አልወጡምም።

ከማናለብሽ ጋር በጭቃው መንገድ ወደ ቤት ተመለስን። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር። እንዴት ነበር አልኋት። ጥሩ ነበር አለች። ከዚያ ጥቂት ሄደን ቆመች።

«መጨረሻ ላይ ያሉት ግን አይደለም፣ አባባ።»

«የትኛው?»

«ፍልስፍና ጥበብን መውደድ ነው ብለው የጨረሱት። ያ ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ዝናቡ ሊጀምር ነበር። እኔ ጥላውን ያዝሁላት። እሷ ቅንድቧን ሰብስባ መሬቱን እያየች ነበር፤ ያን የመጋቢት ማታ ድንጋይም ከውሃ ነው ወይ ስትለኝ እንዳደረገችው።

«ላስብበት» አለች።

እሺ አልኋት። ይኸው እስከ አሁን እያሰበች ነው፤ እኔም እየጠበቅኋት ነው።